ላቧን የጠረግኩባት ሯጭ

ሰው ሁሉ የሚኮራበት ነገር አያጣም። እኔ የምኮራው በማጥፋት ነው። የገንዘብና የንብረቱን ማጥፋት ባለቤቴን ጫልቱን ጠይቋት፤ እኔ የማወራው ስለ ሙያዬ ነው። ሰበታ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። በሯ ላይ «ፎቶ፣ ኮፒ፣ ጥረዛ፣ ላሚኔሽን» ይላል። እውነተኛው ሥራዬ ግን ሰዎች ፊታቸው ላይ ያለውን ነገር ማጥፋት ነው። ብጉር አጠፋለሁ፣ ማዲያት አጠፋለሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ላብ አጠፋለሁ። ለመንጃ ፈቃድ ጉርድ ፎቶ የቸኮለ ሰው በቀትር ፀሐይ ዳገቱን ሮጦ፣ ላብ በላብ ሆኖ ይገባል። ፎቶው ላይ ግን አሁን ከፍሪጅ የወጣ ይመስላል።

ሱፍም አለብሳለሁ። ኮምፒውተሬ ውስጥ አንድ ጥቁር ሱፍ ከነቀይ ከረባቱ አለ። ቲሸርት ለብሶ የመጣውን ሁሉ አንገቱን ቆርጬ እዚያ ላይ እተክለዋለሁ። አንድ ቀን ባንክ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ከፊቴ ያሉት ሦስት ሰዎች መታወቂያቸውን ሲያወጡ ሦስቱም አንድ ከረባት አድርገዋል። እርስ በርስ አይተዋወቁም። እኔ ግን ልጆቹን እንደዳረ አባት ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ይህን የምነግራችሁ እንድታደንቁኝ አይደለም፤ ብታደንቁኝም አልቀየምም። የምነግራችሁ ይሄው እጄ አንዲትን ሯጭ እንዴት አድርጎ እንዳበላሸ እንድትረዱልኝ ነው።

ሶሬቲ የጫልቱ ታናሽ እህት ናት። ሆለታ አጠገብ ከገበሬ ቤት ተወልዳ፣ ትምህርቷን እንደጨረሰች ሱሉልታ ከሌሎች ሯጮች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ መሮጥ ጀመረች። ለእኔ ሩጫ ማለት ታክሲ ሲያመልጥ የሚደረግ ነገር ነው። እሷ ግን ልትጠይቀን መጥታ ሶፋ ላይ ስትቀመጥ እንኳን እግሯ አያርፍም ነበር። ዘንድሮ የቅልጥሟ አጥንት ተሰነጠቀና እኛ ጋ መጥታ ተኛች። ሐኪሙ እረፍት አዘዘላት፤ አረፈች። ጊዜው ሲደርስ «አጥንትሽ ድኗል፣ ቀስ እያልሽ ጀምሪ» አላት። አልጀመረችም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ሦስተኛውም እነሱን አይቶ ሄደ። ሶሬቲ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። የመሮጫ ጫማዋን አልጋው ሥር እስከ ጥጉ ገፍታዋለች። «ምን ሆንሽ?» ስንላት «ምንም» ትላለች።

አንድ ማክሰኞ ቁርስ ላይ ግን ተናገረች። «እሁድ አባባ መጥተው ይወስዱኛል። ሆለታ አበባ እርሻ ሥራ አለ ተብሏል። ሩጫው ይብቃኝ።»

አበባ እርሻ መሥራት ምንም ነውር የለበትም። ሶሬቲ ግን አበባ ወዳ አይደለም የምትሄደው፤ ፈርታ ነው። እኔ ፍርሃትን ሲመጣ በእርምጃው አውቀዋለሁ። ሥዕል ጀምሬ ትቻለሁ፣ የርቀት ትምህርት ጀምሬ ትቻለሁ፣ ክራር ጀምሬ ከነክራሩ ትቻለሁ። ሁሉንም የተውኩት ከብዶኝ አልነበረም፤ እንዳይከብደኝ ሰግቼ ነው። የተወ ሰው ኋላ ምን እንደሚመስል በየጠዋቱ ጢሜን ስላጭ አየዋለሁ። ያቺ ልጅ እኔን እንድትመስል አልፈለግኩም።

ትራሷ ሥር አንድ መጽሐፍ ነበራት። ሱሉልታ አብራት ልምምድ ትሠራ የነበረች ጃፓናዊት አገሯ ስትመለስ ትታላት የሄደችው ነው። ከዳር እስከ ዳር በጥቁርና ነጭ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ ነው፤ ሰዎቹ የሚናገሩት ከአፋቸው አጠገብ በተሣለ ክብ ውስጥ ይጻፋል። ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው። ስለ አንዲት ሯጭ እንደሆነ ግን ሥዕሉን ያየ ሁሉ ያውቃል። መጨረሻው ገጽ ላይ ልጅቷ ውድድር መሐል ወድቃ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። አሰልጣኟ አጠገቧ ቆሟል። ቀና ብላ አንድ ነገር ትለዋለች፤ መጽሐፉ እዚያው ላይ ያልቃል።

ያን ማክሰኞ ሶሬቲ ያንን ገጽ ገልጣ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምን እያለችው ነው?»

ስለ ሩጫ አንድ ነገር ስትጠይቅ በስንት ጊዜዋ ነው! አእምሮ ያለው ሰው ስልኩን አውጥቶ፣ የስልኩን ተርጓሚ ከፍቶ፣ ያቺን አንዲት መስመር አንብቦ ይነግራትና ሻዩን ይጠጣል። እኔ ግን ከወንበሬ ተነሳሁ። «አንድ መስመር ምን ያደርግልሻል? መጽሐፉን በሙሉ በአማርኛ አሰናድቼ፣ እሁድ ከመሄድሽ በፊት በእጅሽ!» አልኩ። ድምፄ የምረቃ ንግግር ድምፅ ነበረው።

«የሥጋ ቤቱን ታፔላ ጨረስክ?» አለችኝ ጫልቱ።

አልጨረስኩም። ሦስት ወሩ ነው።

ሶሬቲ መጽሐፉን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «እንዳይጎዳብኝ፣ ጋሼ» አለች። «እንደ ዓይኔ ብሌን!» አልኩና ሱቄ ሄጄ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ጀርባውን ቆረጥኩት። ምን ላድርግ? ወፍራም ነው፤ ስካነሩ ላይ ተዘርግቶ አልተኛ አለ፣ መሐሉ እየጠቆረ አስቸገረኝ። ከጎኔ ደግሞ የጉርድ ፎቶ መቁረጫዬ ተቀምጣለች። አንድ ጊዜ ጫን ሳደርጋት መጽሐፉ የወረቀት ክምር ሆነ። ቬንትሌተሩ የቀረውን ጨረሰ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ከጠረጴዛ ሥር እየተሳብኩ ስለቅም ጫልቱ ምሳዬን ይዛ ገባች።

«የልጅቷን መጽሐፍ አረድከው እንዴ?»

«ለሥራ እንዲመች ነው። በኋላ በጥረዛ እመልሰዋለሁ።»

«አንተ የቆረጥከው ሲመለስ አይቼ አላውቅም» ብላ ምሳውን አስቀምጣ ወጣች።

ደግነቱ ገጾቹ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥር ደግሞ የትም አገር ቁጥር ነው። ደረደርኳቸው፣ ስካን አደረግኳቸው፣ በስልኬ እያነበብኩ ትርጉሙን በደብተር መጻፍ ጀመርኩ። እስከ ምሽት ሃያ ገጽ ገፋሁ። ታሪኩ ግን የሚያስጨንቅ ሆነብኝ። ልጅቷ መጀመሪያ ታሸንፋለች፣ ከዚያ ትሮጣለች፣ ከዚያ ስሟን ታስመዘግባለች። ተሰናብታ ከወጣች በኋላ ቤቱን ታንኳኳለች። የጃፓን ጥልቅ ፍልስፍና ይሆናል ብዬ በአክብሮት ቀጠልኩ። ባዶ የነበረው የሩዝ ሳህን ቀስ በቀስ እየሞላ፣ እናትየው ወደ ድስቱ ስትመልሰው ሳይ ነው የነቃሁት። እነሱ ሥዕሎቹን የሚያነቡት ከቀኝ ወደ ግራ ነው ለካ። እኔ አንዲትን ልጅ ለሃያ ገጽ ወደ ኋላ ሳስኬዳት ውያለሁ።

ረቡዕ ጠዋት መፍትሔ አገኘሁ። የፎቶ ፕሮግራሙ ውስጥ ሥዕልን እንደ መስታወት የሚገለብጥ ትእዛዝ አለ። አንድ ቁልፍ ነው፤ ገጹን ገልብጠው፣ ግራው ቀኝ ይሆናል፣ የእኛ ሰው እንደለመደው ያነባል። ሁሉንም ገለበጥኳቸው። ጃፓኖቹ ይህን ሳያስቡ መቅረታቸው ገርሞኝ፣ ጥቂት ገጾች አትሜ ለእራት ወደ ቤት ይዤ ገባሁ።

ጫልቱ አንዱን ገጽ አነሳች፤ ግንባሯ ተቋጠረ። «ይቺ እናት ለልጇ ምግብ የምታቀብለው በግራ እጇ ነው?»

አየሁት። በግራዋ ነው። ልጅቷም የምትቀበለው በግራዋ፣ የምትበላውም በግራዋ። አሰልጣኙ ሰላም ሲል የሚዘረጋው ግራውን ነው። ሽማግሌው አያት ኩባያውን ያነሱት በግራ ነው። በአንድ ቁልፍ አንድ ሰፈር ሙሉ ግራኝ አድርጌያለሁ።

«አባባ እሁድ መጥተው ይሄን ካዩ» አለች ጫልቱ፣ «'እነዚህን ያሳደገ ሰው የለም' ነው የሚሉት። ሶሬቲንም 'ከእንዲህ ያለ መጽሐፍ ራቂ' ይሏታል።»

«እጆቹን እየቆረጥኩ አዛውራቸዋለሁ» አልኩ። ላፕቶፔን አምጥቼ እዚያው እራት ላይ ሞከርኩ። የእናትየውን እጅ ከግራ ቆርጬ ቀኝ ላይ ለጠፍኩት፤ አውራ ጣቷ በውጭ በኩል ሆነ። አስተካክላለሁ ስል ስድስተኛ ጣት በቀለ።

ይሄኔ ሶሬቲ ከመኝታ ክፍሉ ወጥታ ከኋላዬ ቆማ ነበር። አንዱን ገጽ አንስታ አየች። «ሜዳውንም የሚዞሩት በተቃራኒ ነው» አለች።

«ማለት?»

«ሯጭ ሜዳ ሲዞር መሐሉ በግራው በኩል ነው የሚሆነው። እነዚህ በቀኛቸው አድርገው ነው የሚዞሩት። ጋሼ፣ ይሄ ውድድር አይደለም፤ መንገድ ጠፍቷቸው ነው።»

ጫልቱ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ሶሬቲ ተመልሳ ስትገባ እጄን ይዛ ወደ ኩሽና ጎተተችኝ። «ሰማሃት? ቀለደች! ከተጎዳች ወዲህ ስትቀልድ የመጀመሪያዋ ነው። ማሎ፣ እባክህ፣ ሌላም ስህተት ሥራ!» ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

በትዳር ዘመኔ ስህተት እንድሠራ ስታዘዝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳልታዘዝ ስሠራ የኖርኩት ሥራ ስለሆነ ግን አልከበደኝም።

ገጾቹን ሁሉ ወደነበሩበት ገለበጥኩና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ትልቅ ቀስት ሣልኩ፤ «ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል» ብዬም ጻፍኩበት። እንዲህ ያለውን ነገር መጀመሪያ ማሰብ የሌላ ሰው ዕጣ ነው።

ሐሙስ መብራት ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መጣ። ሲመጣ በእልህ ተቀመጥኩ፤ ምክንያቱም የሚቀጥለው ሥራ ጽዳት ነበር፣ ጽዳት ደግሞ ግዛቴ ነው። ስካኑን አጉልቼ ሳየው ደነገጥኩ። ገጹ ሁሉ ጤፍ እንደተዘራበት ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው። ልብሱ ላይ ነጠብጣብ፣ ሰማዩ ላይ ነጠብጣብ፣ ጥላው ላይ ነጠብጣብ። «የስካነሩን መስታወት ሳልወለውለው ነው» ብዬ ራሴን ወቀስኩና ማጥፋት ጀመርኩ። ሥዕሉ ላይ ጥላውና ጥቁሩ ሁሉ የተሠራው በነጠብጣቡ ነበርና፣ ሌሊቱ ሲጸዳ ቀትር ሆነ። የአሰልጣኙ ጥቁር ቱታ ነጥቶ ለጥምቀት የወጣ መሰለ። እኔ ግን ማሰቤን ትቼ እጄን ብቻ ነው የማምነው፤ እጄ ደግሞ ቆሻሻ ካየ ምክንያት አይጠይቅም።

ነጠብጣቡ ሲያልቅ ጭረቶቹን አየሁ። ልጅቷ በምትሮጥበት ገጽ ሁሉ ከእግሯና ከትከሻዋ ኋላ ቀጫጭን መስመሮች ተግተልትለዋል። ይሄ የወረቀቱ ጭረት ነው፣ አልኩ፤ አጠፋኋቸው። በመጨረሻ ደግሞ ከግንባሯ፣ ከአንገቷ፣ ከክርኗ የሚረጩ ጠብታዎች አየሁ። እነዚህን እንኳን አወቅኳቸው፤ ላብ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰበታን ሰው ላብ ስጠርግ የኖርኩ ሰው ለአንዲት ሯጭ እንዴት እጄን ልሰስት? ሐሙስ ማታ ጀምሬ አርብን ጨምሬ ጠረግኩላት። አንድ ጠብታ አላስቀረሁም። ጨርሼ ሳያት እንደ ሙሽራ አምራለች።

ከዚያ የጃፓንኛውን ጽሑፍ ከየክቡ እያጠፋሁ አማርኛውን ማስገባት ሆነ። ክቦቹ ቁመታቸው ረጅም፣ ወገባቸው ቀጭን ነው፤ እነሱ ከላይ ወደ ታች ስለሚጽፉ ይመቻቸዋል። የእኛ ቃል ግን ቤተሰቡን በሙሉ አስከትሎ ነው የሚመጣው። «አላስጨረሰችኝም» የሚለውን አንድ ቃል ለማስገባት አራት ቦታ ቆረጥኩት፤ ሰካራም ደረጃ ሲወርድ ይመስላል። ትርጉሙንም ስልኬ እንደመጣለት ነው የሚሰጠኝ። አሰልጣኙ ሜዳ ዳር ቆሞ የሚጮኸውን «ክርንዎን ወደ ቤት ያስገቡ» ብሎ ተረጎመልኝ። አሰልጣኙ ጨዋ ሰው ነው ማለት ነው ብዬ እንዳለ ጻፍኩት።

ቅዳሜ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ። ሶሬቲ የጠየቀችኝ ገጽ። ስልኬን ጽሑፉ ላይ ዘረጋሁ። ስልኩ አሰበ፣ አሰበና «ነገ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

ምን? ወድቃ፣ ሦስት ገጽ ሙሉ አልቅሳ፣ አሰልጣኟ ፊት ቀና ብላ ሰዓት ትጠይቃለች? የስልኩን ካሜራ በሸሚዜ ጠርጌ እንደገና ሞከርኩ። «ነገ ስንት ሰዓት ነው?» ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን ሞከርኩ፤ ያው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ስልክንም ጨምሩበት። ይህቺ ልጅ ነገ ሩጫ ልትተው ነው፣ እኔ የሰዓት ጥያቄ ይዤላት ልገባ ነው? ሳስበው አፈርኩ።

እኔ ደግሞ የምረቃና የሠርግ ባነር ጽሑፍ የምደርስ ሰው ነኝ። ስልኩን አስቀምጬ ራሴ ጻፍኩላት፦ «መውደቅ የመነሳት መሠረት ነው! ዛሬ በእንባዬ የራሰው ምድር ነገ የድል አበባ ያብባል! እችላለሁ! እንችላለን!» ሦስቴ አነበብኩት፤ በሦስተኛው እኔው ራሴ አለቀስኩ። ችግሩ ክቡ ውስጥ አልገባም። ክቡን አሰፋሁት። አሁንም አልገባም። እያሰፋሁ እያሰፋሁ ስሄድ የልጅቷን ሁለት እግር ከጉልበቷ በታች ሸፈነው። ቃል ከእግር ይበልጣል ብዬ አተምኩና በስፓይራል ጠረዝኩት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አማቴ ኦቦ ደበላ ከሆለታ ደረሱ። «አካም ጅርቱ!» ብለው ሁላችንንም በየተራ ሳሙን። ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ከተናገሩት ይልቅ ያልተናገሩት ይሰማል። ሶሬቲ ልብሷን በፌስታልና በቦርሳ አድርጋ ጨርሳለች። አባቷ ቦርሳውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ምሳ በላን።

መጽሐፉን ያን ጊዜ ሰጠኋት። ሽፋኑን ዳሰሰችና ሶፋው ላይ ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። ጫልቱ የምታነሳውን ሳህን ረስታ ቆመች። እኔ የሶሬቲን ፊት እንዳላይ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። ጥቂት ገጽ እንደገለበጠች ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፊቷን በመጽሐፉ ሸፈነች። አስለቀስኳት አልኩ በልቤ።

ስትገልጠው እየሳቀች ነበር። «ጋሼ፣ 'ክርንዎን ወደ ቤት ያስገቡ' ምንድን ነው?»

«አሰልጣኙ ነው።»

«'ክርንሽን ሰብስቢ!' ነው የሚላት። የእኛም ቀኑን ሙሉ እሱን ነው የሚጮኸው።» ገጽ ገለበጠች፤ ሳቋ ቀነሰ፣ ሥዕሉን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ጋሼ፣ ላቧ የት ሄደ?»

«ጠረግኩት።»

«ምን አድርገህ?»

«ጠረግኩት፤ ፊቷ እንዲያምር ነው። ከኋላዋም ጭረት ነበረ፣ እሱንም አጸዳሁት።»

«እሱ ጭረት አይደለም እኮ! ፍጥነቷ ነው!» መጽሐፉን ወደ አባቷ አዞረችው። «አባባ ይዩልኝ፣ ይቺ ልጅ እየሮጠች ነው?»

ኦቦ ደበላ መጽሐፉን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ተመለከቱ። «ቆማለች» አሉ። «አንድ እግሯን አንስታ ቆማለች። ምን ነክቷት ነው?»

«ላቧን ጠርጎባት ነው!»

«ላቧን?» አሉ አማቴ ወደ እኔ ዞረው። «ልጄ፣ የሠራ ሰው ላብ ይጠረጋል?» ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። ሲስቁ የማያቸው ከስንት አንዴ ነው። ጫልቱ ሳህኑን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ የአምስት ቀን ሥራዬ መሬት ወርዶ እያየሁ ሳቅኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኝ ነበር።

«እስክሪብቶ ስጠኝ» አለች ሶሬቲ።

ሰጠኋት። መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ የልጅቷን ላብ መመለስ ጀመረች። እኔ ዝም ብላ ፊቷ ላይ የምትረጭባት መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ሥዕሉን ታያለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ አንድ ጠብታ ታስቀምጣለች። «እዚህ ገና መጀመሯ ነው፤ ከጆሮዋ ሥር ብቻ» ትላለች። ሌላ ገጽ ትገልጣለች። «እዚህ ጋ ዳገት ወጥታለች። አንገቷ ላይ ወርዷል። እዚህ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ነው አንድ ዓይኗን የጨፈነችው። ጋሼ፣ አንተ የጠቀሰችህ መስሎህ ነው?»

መስሎኝ ነበር።

«አባባ» አለች ቀና ሳትል፣ «እርሻ ላይ ላብ መጀመሪያ ከየት ነው የሚወጣዎት?»

ኦቦ ደበላ አሰቡበት። ጥያቄው ከባድ ጉዳይ ነበር ለእሳቸው። «ከጀርባ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግንባር ውሸታም ነው፤ ለፀሐይም ያልበዋል። ጀርባህ ከራሰ ግን ሠርተሃል።»

«ኤዬ!» አለች ሶሬቲ። «ሩጫም ላይ እንደዚያው ነው፤ ከዚህ፣ ከመሐል ጀርባ።» የሯጯን ጀርባ በጥንቃቄ አጠቆረችው። አባቷ ጠጋ ብለው ተቀመጡ። ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አድርገው «እዚህም ጨምሪላት» እያሉ ያሳዩዋት ጀመር። እንዲህ ሆነው ገጽ በገጽ ሄዱ። አማርኛዬን ማንም አላየውም። እኔ ከዚያ በፊት ለሰው ላብ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ለምን ያን ያህል ዓመት እንደጠላሁት ራሴን ጠየቅኩ።

መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሱ። ሶሬቲ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቆመች። «እግሯስ?»

«ንግግሩ አልገባ ብሎኝ ክቡን አሰፋሁት» አልኩ። «ትንሽ ሸፈነው።»

ጮክ ብላ አነበበችው፦ «መውደቅ የመነሳት መሠረት ነው። ዛሬ በእንባዬ የራሰው ምድር ነገ የድል አበባ ያብባል...» እዚህ ላይ ቆም አለች። «አበባ ወደፊትም እኔን አይለቀኝም ማለት ነው» አለች፤ ማንም አልሳቀም።

«ይሄን ሁሉ የምትናገረው ወድቃ ነው?» አሉ ኦቦ ደበላ። «ትንፋሹን ከየት አመጣችው?»

ሶሬቲ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ጋሼ፣ እውነት እንዲህ ነው የምትለው?»

አዎ ማለት እችል ነበር። ጃፓንኛ የሚችል ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። ግን አምስት ቀን ሙሉ ከዚያች ልጅ ላይ ስወስድ ነው የቆየሁት፤ ይሄን ደግሞ መውሰድ አቃተኝ።

«አይደለም» አልኩ። «ስልኩ ሌላ ነገር ነው ያለኝ። ተሳስቶ መስሎኝ ነው። 'ነገ ስንት ሰዓት ነው?' ነው የምትለው።»

ሶሬቲ አልሳቀችም። እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ዋናውን ገጽ እንዳመጣላት ጠየቀችኝ፤ ከሱቅ ይዤው ከመጣሁት የተቆረጠ ክምር መዝዤ ሰጠኋት። ላብም እግርም ያላትን፣ ጉልበቷ የተላጠውን ልጅ ረጅም ጊዜ ተመለከተቻት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ጥያቄውን ለራሷ እየደገመችው ነው። ጫልቱ እጄን ፈልጋ ያዘችኝ።

«እና?» አሉ ኦቦ ደበላ። «አሰልጣኙ ስንት ሰዓት አላት?»

«መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል፣ አባባ» አልኳቸው።

«ልጅቷ ጠይቃ? መልስ ሳይሰጣት?» ተቆጡ፤ ታሪኩን የጻፍኩት እኔ የሆንኩ ያህል ገላመጡኝ።

«አስራ ሁለት ሰዓት ነው የሚላት» አለች ሶሬቲ። «ከንጋቱ አስራ ሁለት። ቢዘንብም፣ ብትወድቂም፣ ልምምድ ሁልጊዜ አስራ ሁለት ሰዓት ነው።»

ኦቦ ደበላ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ሥዕሏን አዩ፤ ከዚያ እንደገና ልጃቸውን። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ተነሱና ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ሱሉልታ ትግባ» አሉ። «ከሰበታ ተነስታማ አትደርስም።»